ሞደሙ ከመጮሁ በፊት

ሞደም የሚሉት ጥቁር ሣጥን ልጇን እንደነጠቃት ለሻሼ የነገረቻት ፋዲላ ናት። ፋዲላ ከሻሼ ልጅ ከአያንቱ ጋር ዓረብ አገር ሄዳ፣ ቀንቷት ቀድማ የተመለሰች የመቂ ልጅ ናት። አያንቱ የሰው ስልክ ባገኘች ቁጥር እናቷ ጋ እንደምትደውል፣ ስልኩ እንደሚነሳ፣ ከዚያ ግን ማሽን እንደሚጮህባት አጫወተቻት።

ሻሼ የመስኖው ፓምፕ ቤት ዘበኛ ናት። አያንቱ ያደገችው እዚያው ግቢ ስለሆነ በቃሏ የያዘችው ቁጥር የፓምፕ ቤቱን መስመር ስልክ ብቻ ነው፤ ሞባይሏን አሠሪዎቿ ቀምተዋታል። አዳማ ያለው ቢሮ ደግሞ ፓምፑን ከሩቅ ለማዘዝ በዚሁ መስመር ላይ ሞደም ቀጥሎበት፣ ስልኩ ገና አንዴ ጠራ ሲል ሣጥኑ ራሱ እያነሳ ከቢሮው ኮምፒውተር ጋር ይንጫጫል። ሻሼም የቢሮ ጉዳይ ነው ብላ ጆሮ ሰጥታው አታውቅም። አሁን ግን አንጀቷ አረረ። ልጇ ስትደውል እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ስንት ቀን ምስር ስትለቅም እንደዋለች ማን ያውቃል።

ገመዱን ልትነቅለው ያዘችውና ተወችው። ከነቀለችው ፓምፑ አይነሳም፣ የገበሬው ሽንኩርት ፀሐይ ላይ ይቀራል፣ እሷም ከነጓዟ ትባረራለች፤ ያኔ አያንቱ ብትደውል ማን ሊያነሳላት ነው? የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ሣጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ልታፍነው እንኳ ሞክራለች። ጩኸቱ የሚሄደው በሽቦው ውስጥ መሆኑን ማን ይንገራት።

ሚሊዮን የሚባለው የቢሮው ቴክኒሻን ለጥገና ሲመጣ በር ላይ ጠበቀችው። መጀመሪያ የቢሮ ሰው ሆኖ መለሰላት፤ ሞደሙ በራሱ በሚያነሳበት ሞድ ላይ ካልሆነ ከአዳማ ፓምፑን ማዘዝ እንደማይቻል፣ ነካክቶ ቢያበላሸው እንጀራው እንደሚዘጋ። ሻሼ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል በብብቷ ይዞ አነሳት።

"ልጄ እዚያ ውስጥ ናት" አለችው ሣጥኑን እያሳየች። "ድምጿን ብቻ ስጠኝ።"

ሚሊዮን ላፕቶፑን ሰካ። ሣጥኑ ከአዳማ ጋር እያወራ ሳለ ትእዛዝ አይሰማም ነበርና ወሬውን እስኪጨርስ ጠበቁ፤ ለሻሼ ዘመን ሆነባት። ከዚያ ትእዛዝ ወደሚቀበልበት ሞድ አስገብቶ፣ በመጀመሪያው ጥሪ ማንሳቱን ትቶ በስምንተኛው እንዲያነሳ አደረገው።

"እትዬ ሻሼ፣ ከስምንተኛው ጥሪ በፊት ካነሱት ስልኩ የእርስዎ ነው" አላት። "ቢሮው ከሆነ ይዝጉት። ወዲያው መልሶ ይደውላል፤ ያኔ አይንኩት።"

ከዚያ ወዲህ ሻሼ ከስልኩ ሥር አልተነቃነቀችም። ገበያ ቀረ። ለቅሶ እንኳ ሳትደርስ ቀርታ ጎረቤት አማት፣ ይማ። ስልኩ በጠራ ቁጥር እየተንደረደረች "አያንቱዬ?" ትላለች፤ የሚመልስላት የቢሮው ማሽን ጢጥታ ነው። ሰንበትበት ሲል ልጅቷ መደወል ሰልችቷት ይሆን ብላ ፈራች። ከዚያ የባሰውንም አሰበች፤ ሐሳቡን ግን አልጨረሰችውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ። አነሳችው። ተስፋ ቆርጣ ስለነበር ዛሬ ስሟን እንኳ አልጠራችም፤ ጢጥታውን ብቻ ጠበቀች። የመጣው ግን የሚጣደፍ የሰው ድምፅ ነው።

"ሃርሜ፣ እናቴ፣ ሳይጮህብኝ ልንገርሽ። ዛሬም በር ቆልፈውብኛል። የፈላ ውሃ የደፉብኝ እጄ መግል ይዟል፣ ጣቶቼ አይታጠፉም። ሃርሜ፣ እዚህ መሞቴ ነው።"

ሻሼ ገባት። ልጅቷ ስልኩ ተነስቶ ማሽኑ እስኪጮህ ባለችው አጭር ጊዜ የልቧን መናገር ልማድ አድርጋዋለች፤ የሚሰማት ሰው እንደሌለ እርግጠኛ ናት።

"አያንቱ" አለች እናቷ።

ከወዲያ በኩል አያንቱ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ተሰማ።

"ሃርሜ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?" አለች፤ ድምጿን ፈካ አድርጋ። "ደህና ነኝ እኮ። ምንም አልሆንኩም፣ አታስቢ።"