አራተኛው ቀረጻ

«መጀመሪያ የሚመጣው ዘፈን ድምፄ በደንብ የሚሰማበት ይሁን» አለ ዘፋኙ፤ በሕይወቱ ድምፁ የማይሰማበት ዘፈን የሠራ ይመስል።

ከጠዋት ጀምሮ በጠባቡ ስቱዲዮ ውስጥ ሲንጎራደድ የዋለው ይህ ሰው የድራመሯ ታላቅ ወንድም ነው። ባንዱ በዘመኑ ከሠራቸው ዘፈኖች ምርጦቹን መርጠው በአንድ አልበም ሊያወጡ ተሰብስበው እስካሁን የተስማሙት በሽፋኑ ቀለም ብቻ ነበር፤ እሱም ጥቁር ነው። ምርጦቹን እንለይ ሲሉ ምርጥ ያልሆነ ጠፋ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ የወጣው ተመልሶ ይገባል፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። አሳታሚው ደግሞ ሙሉው ሥራ ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት እንዲላክለት ነግሯቸዋል። ጊታሪስታቸው ካረፈ ወዲህ ባንዱ ሌላ አልበም እንደማይኖረው አፍ አውጥቶ የተናገረ ባይኖርም ሁሉም ያውቃሉ።

«አባ ዝም፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለ ዘፋኙ።

ቤዝ ተጫዋቹ ሶፋው ጥግ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። «እናንተ ያላችሁት ይሁን» አለ። ባንዱ ከተመሠረተ ጀምሮ ሌላ መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

ድራመሯ ፋርማሲዋን ዘግታ የመጣችው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ባንዱን ከሕዝብ ያስተዋወቀው «የኋላ ወንበር» የተባለው ዘፈን ነው። በመካከሉ መሣሪያዎቹ ሁሉ ጸጥ ይሉና ዘፋኙ አንድ ስንኝ ብቻውን፣ በሹክሹክታ ይላል፤ ስንኙ ሲያልቅ ድራሙ ይገባል። ያኔ በወጣው ቅጂ ላይ ግን ድራሙ ስንኙ ሳያልቅ ዘው ይላል። ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ ቸኮለች። ሕዝቡ ግን ስህተቱን ወደደው። እዚያ ቦታ ሲደርሱ አዳራሹ ሙሉ ወለሉን በእግሩ ይደልቃል። ወንድሟም በየመድረኩ፣ ዘፈኑን ከመጀመሩ በፊት፣ ያችኑ ቀልድ ይደግማል። «እህቴ ሚጣ በማግስቱ ፈተና ስለነበረባት ቸኩላ ነው» ይላል። ሰዉ ይስቃል። እሷም ትስቃለች። ከዚያ ስቲኳን አንስታ፣ ያችኑ ስህተት ልክ በቦታዋ፣ ዝንፍ ሳትል ትሳሳታለች። ጸጉሯ ሸብቶ፣ ልጅ ድራ፣ አሁንም ሚጣ ናት፤ አሁንም ትቸኩላለች።

የወጣው ሦስተኛው ቀረጻ ነው። ከእሱ በኋላ ግን አንዴ ደግመው ነበር። በአራተኛው ስንኙ እስኪያልቅ ጠብቃለች፤ ከዚያ ቀረጻ የምታስታውሰው ይህን ብቻ ነው፤ እሷ ብትረሳ እጇ አይረሳም። በማግስቱ እሷ ፈተና ላይ ሳለች ነው እነሱ ተቀምጠው የመረጡት። በጠየቀችው ቁጥር ወንድሟ «ቴፑ አልቆ አራተኛው አልተቀዳም» ይላታል። እሷም እሺ ትላለች። እሺ ማለት ስለሰለቻት ነው ዘንድሮ የድሮዎቹ ቴፖች ሁሉ ተፈልገው እንዲመጡ ያደረገችው።

«እትዬ» አለች የድምፅ ባለሙያዋ ከማሽኑ ሳትዞር፤ «ያሉኝን አግኝቼዋለሁ። ቴፑ አላለቀም። አራተኛው ሙሉውን አለ።»

ዘፋኙ መንጎራደዱን አቆመ። «እሱን ተዪው፣ ጊዜ የለንም። የመጀመሪያው ዘፈን ራሱ ገና...»

«ክፈቺው» አለች ድራመሯ።

«ሚጣ፣ ሰው የለመደውን ነገር...»

«ወንድም ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስላንተ ድምፅ ስሰማ ውያለሁ። እስቲ ደግሞ የእኔን ድራም እንስማ።»

አባ ዝም ብርቱካኑን አስቀመጠ።

ዘፈኑ ከስፒከሮቹ ወጣ፤ በመጠኑ የሻከረ፣ ግን ሕያው። የሟቹ ጊታር ሲገባ ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ሹክሹክታው መጣ። ስንኙ እስከ መጨረሻው ቃል ሄደ፣ አለቀ፣ ትንሽ ጸጥታ ሆነ፣ ከዚያ ድራሙ ገባ። ልክ በቦታው። ወደ ወንድሟ ዞረች፤ እሱ ግን ግድግዳውን ያያል።

ምክንያቱ የመጨረሻው ስንኝ ላይ ገባት። ድምፁን ከፍ በሚያደርግበት ቃል ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። ጢም እንደሚያበቅል ጎረምሳ ሲጥ አለና ጠፋ። አንድ ሙሉ መስመር ባዶውን አለፈ። ከዚያ ተመለሰና፣ ከስቶ፣ እንደምንም ጨረሰ።

ባለሙያዋ ቴፑን አቆመች።

«አንተም ታውቅ ነበር?» አለች ወደ ሶፋው ዞራ።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ አባ ዝም።

መጮህ አማራት፤ ነገር ግን በማን ላይ እንደምትጀምር ግራ ገባት።

«አንቺ ፋርማሲስት ልትሆኚ ነበር» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ። «እኔ ከድምፄ ሌላ ምን ነበረኝ? ዘፋኝ ድምፁ ተሰነጠቀ ከተባለ አለቀለት። ልጅ ቸኮለች ቢባል ግን ምን አለበት?»

«አንዴ ቢባልማ ምንም የለበትም። አንተ ግን በየመድረኩ ነው ያልከው።»

«ሕዝቡ ይወደው ነበር።»

«እኔን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ወንድሟ ወደ ሥራው ዞረ። «በዚህ ዘመን የማይቻል የለም» አለ ለባለሙያዋ። «ከሦስተኛው የኔን ድምፅ፣ ከአራተኛው የእሷን ድራም ውሰጂና አጋቢያቸው።»

«አይሆንም ጋሼ። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ላይ ነው የተቀረጻችሁት። በእርስዎ ማይክሮፎን ድራሙ ገብቷል፣ በእሳቸው ደግሞ እርስዎ ገብተዋል። አንዱን ስጎትት ሌላው ተከትሎ ይመጣል።»

«እንደ ቤተሰብ» አለ አባ ዝም።

ዘፋኙ ትከሻውን ጣለ። «እሺ። አራተኛው ይሁን። ይበለኝ፤ ዕዳዬ ነው።» ከዚያ ግን ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር በራ። «እንዲያውም ሳስበው ጥሩ ታሪክ ነው። ዘፋኙ ድምፁ የተሰነጠቀበትን ዘፈን በፈቃዱ አወጣው። በሬዲዮ ስንጠየቅ፣ ያን ቀን እንዲህ ሆኜ...»

አፍ አፉን አየችው። ከንፈሩ አዲሱን ወሬ እየተለማመደ ነበር። ሕዝቡ ነገ ይህንንም ይወድለታል፤ ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ያለቅሳል፤ የእሷን መጠበቅ ግን ማንም አይሰማም። በቦታው የገባ ድራም ማን ሰምቶ ያውቃል? ሦስተኛው ከወጣ መሳቂያዋ እሷ ናት፤ አራተኛው ከወጣ ጀግናው እሱ ነው።

«ውጡልኝ» አለች።

«ሚጣ...»

«ሁለታችሁም። ለትንሽ ጊዜ።»

አባ ዝም ብርቱካኑን አንስቶ ቀድሞ ወጣ። ወንድሟ በሩ ላይ ቆም አለና ቀስ ብሎ ዘጋው።

«አሳታሚው እየደወለ ነው እትዬ» አለች ባለሙያዋ።

«ይደውል። አራተኛውን ድገሚልኝ።»

ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ሹክሹክታው መጥቶ አለፈ። ቴፑ ውስጥ ያለችው የያኔዋ ልጅ ጠበቀች፤ በቦታዋ ገባች። ይህን አሁን ታውቀዋለች። የመጨረሻው ስንኝ ላይ የወንድሟ ድምፅ ሲሰነጠቅ ግን ቅድም በንዴት ያላስተዋለችውን ሰማች። ባዶው መስመር ባዶ አልነበረም። ድራሙ ተለውጧል። ልጅቷ ምቱን ዝቅ አድርጋ፣ ለስለስ አድርጋ፣ ከሥሩ ገብታ ይዛዋለች፤ የወደቀ ሰው አጠገብ ቁጢጥ ብለው እንደሚጠብቁት፣ ሳትጎትተው፣ ሳትተወው። ሲመለስም አብራው ተነስታለች። እጇ ይህንን አልነገራትም ነበር።

«የትኛው ይሁን?» አለች ባለሙያዋ፤ እጇን ወደ ማቆሚያው ቁልፍ እየዘረጋች።

ድራመሯ ዓይኗን ሳትገልጥ መዳፏን አነሳች።

«ቆዪ» አለች። «ልጅቷ ትጨርስ።»