በሻንጣ የሄደው መንገድ

ብርቅነሽ በብስክሌት ከሐዋሳ ተነሥታ ሃላባ በደረሰችበት በመጀመሪያው ቀን ምሽት፣ ስትመጣበት የዋለችውን መንገድ ሻንጣዋ ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘችው።

የምትፈልገው ደረቅ ካልሲ ነበር። መንገዱ በዝናብ ልብሷና በመለዋወጫ የጎማ ካላማዳሪዋ መካከል እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ተጋድሟል። ውፍረቱ ከበሬ ቆዳ አይበልጥም። ጥቁር ነው፤ መሀል ለመሀል የተቆራረጠ ነጭ መስመር አለው። ጫፉን ገለጥ ስታደርገው ከግቢያቸው በር ፊት ለፊት ያለው የተሰነጠቀ የቦይ ክዳን ታያት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ ገና ለብ እንዳለ ነው። መልሳ ጠቀለለችው፤ ካልሲዋን ከሥሩ መዝዛ አጠለቀችና ለባሏ ደወለች።

«ደረስኩ» አለችው።

«ተመስገን። ጉልበትሽስ?»

«ደህና ነው። መንገዱ ሻንጣዬ ውስጥ ገብቷል።»

ባሏ ላቀው ጠየቃት። «የትኛው ሻንጣ ውስጥ?»

«የቀኙ።»

«ይከብዳል?»

«ይከብዳል።»

«እንግዲያው መፍቻዎቹንና ውሃውን ወደ ግራ አዙሪያቸው። ጭነት ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ቁልቁለት ላይ መሪው ይንቀጠቀጥብሻል። ከባዱን ነገር ምንጊዜም ከታች፣ ወደ ቸርኬው አስጠግተሽ ነው።»

«እሺ» አለች። ምክሩ ትክክል ነበር። የላቀው ምክር ሁልጊዜ ትክክል ነው።

ላቀው የውሃ ቧንቧ ንድፍ ይሠራል፤ እሷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። በተጋቡ ሰሞን ወደ አርባ ምንጭ ሲሄዱ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ዓባያ ሐይቅ ዳር ተበላሽቶ ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሙዝ ሥር ሲሻማ፣ ግራና ቀኝ ሻንጣ ያንጠለጠለ አንድ ብስክሌተኛ እያፏጨ አለፋቸው። «በሚቀጥለው እንደሱ ነው የምንመጣው» አላት ላቀው፣ በአውቶቡሱ ጥላ ሥር እጇን ይዞ። እሷም አመነችው።

ከዚያ ወዲህ ላቀው ያላነበበው፣ ያልጠየቀው የለም። ሱቅ ውስጥ ሲቀመጡበት አልጋ የሚመስል ሰፊና ለስላሳ ኮርቻ እኩለ ቀን ሳይሞላ ቅጣት እንደሚሆን ያውቃል፤ ረጅም መንገድ ላይ ሰውን መሸከም ያለበት አጥንቱ ነው እንጂ ሥጋው አይደለም ይላል። ስፌት ያለው የውስጥ ሱሪ እንደሚልጥ፣ ቫዝሊን ቆዳ ከመላጡ በፊት እንጂ ከተላጠ በኋላ እንደማይረባ፣ ውሃ ሳይጠማ እንደሚጠጣ፣ ሳይርብ እንደሚበላ ያውቃል። ዕቃህን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርጋና ግማሹን መልሰህ ቁም ሳጥን ውስጥ ክተት፤ በማግስቱ ደግሞ ከቀረው ላይ ቀንስ ይላል። ታዲያ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ የሚጎድል አንድ ነገር አይጠፋም። አንድ ዓመት ድንኳኑ ከበደ፤ አንድ ዓመት ጎማው ቀጠነ። ልጃቸው አደገች፣ ተዳረች፤ የብርቅነሽ ጉልበት ደረጃ ስትወጣ መንቋቋት ጀመረ። ዘንድሮ የቀረው ኮርቻው ብቻ ነበር፤ ዘመድ ከውጭ አገር ይዞለት እየመጣ ነበር።

በጥቅምት አንድ ጠዋት፣ በተነሣችበት ዕለት፣ ብስክሌቷን ጭና ግቢው መሀል ቆመች።

«ልሄድ ነው፣ ላቀው።»

«ኮርቻው እኮ በዚህ ሳምንት ይደርሳል።»

«ይድረስ። ትከተለኛለህ።»

«እከተልሻለሁ» አለ። የግቢውንም በር ራሱ ከፈተላት።

በሁለተኛው ቀን ሶዶ ስትገባ የግራው ሻንጣ ውስጥ ሌላ ጥቅል አገኘች። ከሃላባ የመጣችበት ነው። አንዱ ጥግ ላይ የአህያ ፋንድያ ተለጥፎበታል። አሁን ጭነቱ ግራና ቀኝ ስለተመጣጠነ ደስ አላት፤ ግን ጉልበቷን ያማት ጀምሯል። ስትደውል ላቀው ድምፁ ሞቅ ብሎ ነበር። ኮርቻው ደርሶለታል፣ ገጥሞታል፣ ነገ ይነሣል።

በማግስቱ ጠዋት ቁርሷን ሳትጨርስ ደወለ።

«ብርቄ፣ ከበራችን ወዲያ መንገድ የለም።»

«ምን አለ?»

«ሣር። ጥሩ ሣር ነው። ጎረቤቶች በጓሮ በኩል እየወጡ ነው።»

«በሣሩ ላይ ንዳዋ!»

«በዚህ ጎማ?» አለ ላቀው፣ በእርጋታ። «ለሣር ሰፊ ጎማ ነው የሚያስፈልገው። ጠይቄያለሁ፣ አዲስ አበባ አንድ ሰው ጋ ሳይኖር አይቀርም። ቢዘገይ ለገና ይደርሳል።»

ብርቅነሽ ስልኩን ዘጋችና ሻይዋን ወደ ራሷ ሳበች። ሁለቱ ሻንጣዎች ግድግዳውን ተደግፈው ከፊቷ ቆመዋል። ሰው አገሩን ለቆ ሲሄድ መንገዱ ባለበት ይቀራል፤ የናፈቀው ይከተልበታል፣ የጸጸተው ይመለስበታል። እሷ ግን መከተያውንም መመለሻውንም ይዛው መጥታለች። ሻዩ እስኪያልቅ ድረስ፣ ማንም ሊደርስባት የማይችልበት ቦታ መቀመጧ ደስ አላት። ይህንንም ከራሷ አልደበቀችም። ሻዩ ሲያልቅ ግን ያ በአውቶቡሱ ጥላ ሥር እጇን የያዘው ሰውዬ ትዝ አላት፤ የሣሩ ዳር ላይ አዲስ ኮርቻ ይዞ እንደቆመ ታያት። ሁለቱን ጥቅሎች በገመድ አሰረችና ወደ መናኸሪያ ወሰደቻቸው።

የአውቶቡሱ ረዳት ጥቅሎቹን በእጁ መዘን መዘን አደረጋቸው። «ምንድን ነው እናቴ?»

«መንገድ ነው። ሐዋሳ ባለቤቴ ይቀበልሃል።»

«የሚሰበር ነገር አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ከላይ እንጭነዋለን። በሃላባ በኩል መንገድ የለም ስላሉ በሆሳዕና ዞረን ነው የምንሄደው፤ ትንሽ ይቆያል።»

«ይቆይ» አለች።

ከሶዶ ወዲያ ብስክሌቱ ቀለላት። ቁልቁለቱን ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያደረገች ወረደች፤ ሜዳው ላይ ስትደርስ ሙቀቱ ተቀበላት። ምዕራብ ዓባያ አደረች፤ ሙዝ በላች፤ ቫዝሊኗን ተቀባች፤ እጇ እንዳይደነዝዝ መሪውን የምትይዝበትን ቦታ እየለዋወጠች ነዳች። ከሶዶ ጀምሮ ያለው መንገድ ደግሞ በተራው ቀኙ ሻንጣ ውስጥ እየገባ ነበር። ስታርፍ ከፍታ ታየውና ትዘጋዋለች። አርባ ምንጭ ገብታ ሴቻ ዳገት ላይ ያለ ሆቴል ያዘች። ክፍሏ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ከበረንዳው ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ።

«ደረሰኝ» አለ ላቀው በስልክ። «የትኛው ጫፍ ነው ከበሩ የሚጀምረው?»

«የቦይ ክዳኑ ያለበት።»

ጎረቤቱ አቶ ጩፋሞ በአንድ ወገን ያዘለት። ጥቂት ክንድ እንደገለጡት መንገዱ የቀረውን ራሱ ተዘረጋ። ሣሩ ከሥር ቀረ። ላቀው ሻንጣውን ጫነና፣ የሚጎድል ነገር ይኖር እንደሆን ሳያይ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ብርቅነሽ በሆቴሉ ግቢ ዛፍ ሥር እግሯን ዘርግታ ሳለች ደወለ። ሲያወራ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«ብርቄ፣ ኮርቻው ይቆረቁራል።»

«አዲስ ስለሆነ ነው፤ እስኪለምድህ ነው። በየመሀሉ ፔዳሉ ላይ ቆም በል፣ ደሙ ይመለስ።»

«እንዲህ የሚል የትም አላነበብኩም» አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ሲያልፍ ይሰማታል። ጤፉ መድረሱን፣ አንድ ጋሪ ነጂ ሊሽቀዳደመው መሞከሩን፣ ቤት ተቀምጦ ካሰበው ይልቅ ዳገቱ አጭር መሆኑን ነገራት። ከዚያ ፍሬኑ ሲጮህ ተሰማት።

«ምነው?»

«ከፊቴ አንዲት ሴት በብስክሌት እየሄደች ነው። ሰማያዊ ጃኬት ለብሳለች። ሁለት ሻንጣ አላት። ወደ ቀኝ ታጋድላለች።»

ብርቅነሽ እግሯን ሰበሰበች። ጃኬቷ ከአጠገቧ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል።

«እኔ ነኝ» አለች። «የመጀመሪያው ቀን ነው።»

«ኮርቻሽ ዝቅ ብሏል» አለ ላቀው። «ጉልበትሽን የሚጎዳሽ እሱ ነው። ልንገራት?»

ብርቅነሽ አሰበችበት። ያቺ ሴትዮ ብቻዋን ወጥታለች፤ ብቻዋን መውጣቷ ደስ ብሏታል፤ ግን የመጀመሪያው ዳገት ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አይታለች። ማንም አልነበረም።

«ንገራት» አለች።

ላቀው ስልኩን ሳይዘጋ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። የብስክሌት ደወል ተሰማ። ጎማዎች ጠጠር ላይ ቆሙ። ከዚያ የራሷ ድምፅ መጣ።

«መጣህ እንዴ?»

«እከተልሻለሁ አላልኩሽም?»

መፍቻ ብረት ሲነካ፣ ኮርቻ ከፍ ሲል፣ ሴትዮዋ «ወይ አንተ!» ስትል ተሰማ። ብርቅነሽ እንዲህ ስትል ራሷን ከሰማች ብዙ ዘመኗ ነው። ቀጥሎ ሁለት ሰንሰለቶች አንድ ላይ መዞር ጀመሩ።

«ላቀው» አለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳትጮህ።

አልሰማትም። ስልኩ ያለው ኪሱ ውስጥ ቢሆንም፣ የሁለቱ ብስክሌት ድምፅና ወሬያቸው ከስልኩ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። እስኪጠፋ ጠበቀችና ወደ ክፍሏ ወጣች።

በሩ ክፍት ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን አጥባ፣ ወልወያዋን ተደግፋ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«እትዬ፣ እነዚያ በብስክሌት ያለፉት ሁለት ሰዎች ከእርስዎ ጋር ናቸው?»

ብርቅነሽ ወደ ውስጥ አየች። በእርጥቡ ወለል ላይ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት የጎማ መስመሮች ከበሩ ተነሥተው፣ አልጋውን በግራ አልፈው፣ በረንዳው ድረስ ሄደዋል።

«አዎ፣ ባለቤቴና እኔ ነን» አለች።

«ኮቴያቸውን ደረጃው ላይ አልሰማሁም።»

«ቀላል ጭነት ነው የያዙት» አለች ብርቅነሽ፣ ወለሉን እንዳትረግጥ ዳር ዳሩን ይዛ እየሄደች። መስመሮቹ በረንዳው ላይም አልቆሙም፤ በብረት አጥሩ ሥር አልፈዋል። ከአጥሩ ወዲያ አየር ነው። ከሥር ጫካው፣ ከጫካው ወዲያ በሁለቱ ሐይቆች መካከል የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተራራ አለ። ከዛፎቹ ጫፍ በላይ፣ ምንም በሌለበት ቦታ ላይ፣ ሁለት ቀጫጭን የጭቃ መስመሮች ጎን ለጎን ሆነው ወደዚያው ይዘልቃሉ፤ ገና አልደረቁም።