ገንዳው ውስጥ ያልገባው ሰው

ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይባላል። ሂሳኖ ግን ገንፎው ሳይቀርብ ስንጥሩን የምትፈልግ ሴት ናት። ወጥ ቤቷ ውስጥ ስሠራ ስንት ዓመቴ፤ እስካሁን ሩዝ ስቀዳ ዓይኗ ከእጄ ላይ አይነሳም።

የመሬት መንቀጥቀጡ ያስነሳው ማዕበል በባሕሩ ጠረፍ ያለውን የከሰል ኃይል ማመንጫ ሲያፈራርሰው፣ ኮረብታው ላይ ያለው የእሷ ማደሪያ ቤት ምንም አልሆነም። ከደቡብ በኩል ያለው የኑክሌር ጣቢያ ከፈነዳ በኋላ ግን እንግዳ የሚባል ጠፋ። ቤቱን ልትዘጋው ስትል ነው የጥገና ሠራተኞች የመጡት። ከተማው ሁሉ መብራት አጥቶ ስለነበር የከሰሉን ጣቢያ ቶሎ አስነሱ ተብለው ቀኑን ሙሉ ከማሽኖቹ ውስጥ ጭቃ ሲዝቁ ይውላሉ። አለቃቸው ኩሳኖ ሳቁ ከበሩ ቀድሞት የሚገባ ወፍራም ሰው ነው። ለሂሳኖ እነሱ ማለት ቤቷ ማለት ነበሩ፤ እነሱ ከሄዱ ሌላ የሚመጣ የለም።

ማታ ሲገቡ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ሙቅ ውሃ። የጋዝ ማሞቂያው በመሬት መንቀጥቀጡ ተሰብሯል። ስለዚህ ሂሳኖ የሟች ባሏን የድሮ የእንጨት ምድጃ አስነሳች። እንጨቱ እሱ ራሱ ባለፈው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ከቤቱ ውጭ ግድግዳው ሥር የቆለለው ነው። እኛ ዘንድ ገላ ከሙቅ ውሃ ገንዳው ውጭ ይታጠባል፤ ከዚያ ሁሉም በየተራው እዚያው አንድ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይሞቃል።

ሰኔ ላይ ኑካጋ የሚባል ዝምተኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጨመረ። የመጣው ከኑክሌር ጣቢያው ነው። ለዓመት የተፈቀደለትን ጨረር ወስዶ ስለጨረሰ ወደ ከሰሉ አዛወሩት። እሱ ግን በባልዲ ውሃ ተለቃልቆ ይወጣል እንጂ ገንዳው ውስጥ አይገባም።

«ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የማይገባው?» አለችኝ ሂሳኖ።

«ድመት ይሆናላ።»

«አትቀልጂ! የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው።»

ወሬው ከእሷ አፍ ወጥቶ ይሁን ከሌላ፣ በሳምንቱ የኑካጋ ጫማ በር ላይ ለብቻው ተቀምጦ አየሁት። ራት ላይም አጠገቡ ያለው ቦታ ባዶ ሆነ። ሂሳኖ አላስችል ሲላት ፊት ለፊት ጠየቀችው።

«የወሰድኩት ጨረር እኮ ቆሻሻ አይደለም፣ እትዬ» አላት ጎንበስ ብሎ። «ፀሐይ የመታው ሰው ፀሐይ ተሸክሞ አይዞርም።»

«ታዲያ ለምን አትገባም?»

«እኔ ከገባሁ ሌሎቹ አይገቡም ብዬ ነዋ።»

ወደ ወጥ ቤት ሮጣ መጣች። «ሰማሽው? አመነ!»

ምኑን እንዳመነ እሷ ታውቃለች። ኩሳኖ ግን ይህን ሰበብ ይጠብቅ ነበር። «እትዬ ሂሳኖ፣ ወይ እሱ ወይ እኛ» አላት እየሳቀ። ሳቁ ደስ አይልም ነበር።

በማግስቱ የዕረፍት ተራው ነበረና ኑካጋ ቤት ውሏል። ሂሳኖ ሌላ ማደሪያ እንዲፈልግ ነገረችው። በአካባቢው ባዶ አልጋ እንደሌለ፣ አልጋ የሌለው ደግሞ ሥራም እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን። አልተከራከረም። ሻንጣውን ዘጋና ከኪሱ ትንሽ የጨረር መለኪያ አወጣ።

«ከመሄዴ በፊት በእጅሽ ለኪኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

ከፀጉሩ እስከ ካልሲው ለካችው። ፍራሹንም ለካች። መለኪያው አልፎ አልፎ ጠቅ ይላል እንጂ ሌላ ድምፅ የለውም።

«ተበላሽቶ ይሆናል» አለች።

«እንግዲያው የፈለግሽበት አስጠጊው።»

ደጃፉን፣ የሩዙን ጆንያ፣ እኔን ሳይቀር ለካች። ከዚያ ምድጃው አጠገብ ወዳለው የአመድ ቆርቆሮ ስታስጠጋው መለኪያው ይንጣጣ ጀመር። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኼ ነው። በዚህ አመድ ፈርን የሚባለውን የተራራ ቅጠል ምሬቱ እንዲወጣ እንዘፈዝፍበታለን። ከትናንት ወዲያ ሠራተኞቹ የበሉትን የዘፈዘፍኩት በእነዚህ እጆቼ ነው።

ኑካጋ ቆርቆሮውን ከደነው። «ጣቢያው ሲፈነዳ የዘነበው ዝናብና በረዶ እንጨቱ ላይ ነው የወረደው። ሲነድ መርዙ አመዱ ላይ ይከማቻል።» ገንዳው ላይ መለኪያውን ያዘ፤ ጸጥ አለ። «ውሃው ምንም አይልም። እንጨቱን ግን አታንድጂ፣ አመዱንም ምግብ አታስነኪው።»

ሂሳኖ ከንፈሯ ነጥቷል። እሱ ሻንጣውን አነሳ።

«እኔ ለማንም አልናገርም፣ እትዬ» ብሎ ወደ አውቶቡሱ ወረደ። ቢሰድባት ይሻል ነበር።

ሠራተኞቹ ሲመጡ ራት ቀረበ። ሂሳኖ ማዕዱ ዳር ተንበረከከችና የምድጃው አመድ እንደተበከለ፣ ፈርኑም በእሱ እንደተዘፈዘፈ ተናገረች። ሁሉም የሚበሉባቸው ቀጫጭን እንጨቶች በየእጃቸው አየር ላይ ቀሩ።

«ማነው የለካው?» አለ ኩሳኖ።

«መለኪያው የኑካጋ ነው።»

«እንዲህ በይኛ!» ጭኑን መታ። «ታዲያ ማን አመጣው? በጫማው ይዞት የገባው እሱ ራሱ ነዋ!»

«እንኳን ሄደ» አለ አንዱ።

ሁሉም ተነፈሱ። ሩዛቸውን መብላት ጀመሩ። ከዚህ በኋላ ሂሳኖ ማድረግ ያለባት ነገር ዝም ማለት ብቻ ነበር። ቤቷ ሞልቶ ይቀጥላል፤ እኔም ሥራዬ አይቀርብኝም። እውነቱን ልናገር፣ ዝም በይ እያልኩ በልቤ ለመንኳት።

ተነሥታ ወጣች። ስትመለስ ቆርቆሮውን አቅፋ ነበር። በሳህኖቹ መሀል አስቀመጠችው።

«ይኼ አመድ ሚያዝያ ላይ ከነደደው እንጨት የቀረ ነው። ያ ልጅ የመጣው ሰኔ ላይ ነው። እንጨቱ የባሌ ነው። እሱ ምንም አላመጣም። እኔ ነኝ ያበላኋችሁ።»

ኩሳኖ ቆርቆሮውን አየ፣ ሳህኑን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ ጠፋ። አንድ በአንድ ተነሡ። ክፉ ቃል የተናገራት የለም። «እናመሰግናለን» እያሉ ጎንበስ ብለው ወደየክፍላቸው ሄዱ፤ ወዲያው የሻንጣ ዚፕ ሲዘጋ ሰማሁ። ገንዳውም ቀዝቅዞ ቀረ።

ሂሳኖ ለኑካጋ ደወለች። አነሣው።

«ተመለስልኝ። አልጋህ አለ።»

«አልጋው ብቻ ምን ያደርግልኛል፣ እትዬ? ሥራው እኮ በኩሳኖ እጅ ነው።»

ኩሳኖ በረንዳው ላይ ጫማውን እያሰረ ነበር። ወጣችና ስልኩን ዘረጋችለት።

«አንተው ንገረው። ተመለስ በለው። ምንም እንደሌለበት ሰምተሃል።»

«እሱን እንኳ ወደ ሥራው እመልሰዋለሁ» አለ ኩሳኖ ወደ ስልኩ እያየ። ከዚያ ስልኩን የያዘውን፣ አመድ የነካውን እጇን አየ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «በራሴ ስልክ እደውልለታለሁ።»