የአማቼ ብረት

አማቼ፣ የባሌ አባት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በያጅ ነበሩ። ለእሳቸው የተበላሸ ነገር ሁሉ ብረት ያነሰው ነገር ነው፤ በር ሲላላ ብረት፣ አልጋ ሲወላገድ ብረት። ባሌ የሲሚንቶ ማመላለሻ ፒክአፕ ሲገዛ ዓይናቸው ደክሞ የብየዳ ቤታቸውን ሊዘጉ ነበር። "የመጨረሻ ሥራዬ ይሁን" አሉና ጭነት በሚጫንበት ካሶኒ ላይ ዝሆን የማይነቀንቀው የብረት ማቀፊያ ገጠሙለት፤ ወለሉንም በወፍራም ላሜራ ሸፈኑት። ባሌ አቅፎ ሳማቸው። እውነት ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳይቆጡ ሥራ ጨረሱ።

መኪናዋ ግን ስትጫን ከኋላ መዝቀጥ ጀመረች። አማቼ ጎንበስ ብለው አዩና መድኃኒቱን አገኙ፤ ጭነቱን በሚሸከመው ባሌስትራ ላይ ሌላ ብረት ደረቡበት። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ቀጥ ብላ የምትሄድ መኪና ደግሞ ማንም አይጠረጥራትም።

እኔ የምሠራው ሲሚንቶ መሸጫ ውስጥ ስለሆነ ኪሎ ነገር ዓይኔን ይስበዋል። አንድ ቀን ጋቢና ልገባ ስል ከበሩ ጎን የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበብኩ። የመጫን አቅሟ ስምንት መቶ ሃምሳ ኪሎ ነው ይላል።

"ስንት ከረጢት ነው የምትጭነው?" አልኩት ባሌን።

"አሥራ ስድስት። ስምንት መቶ ኪሎ። ሃምሳውን ለእግዜር ትቼለታለሁ።"

"አንተስ? አውራጁስ?"

"እኛ ሰው ነን እንጂ ጭነት ነን እንዴ?"

"መኪናዋ ይህን በምን ታውቃለች? ፋብሪካው ከሰጣት በላይ የገባባት ሁሉ ጭነት ነው። የአባባ ብረትስ?"

ፊቱን አዞረብኝ። አዟዟሩ ደስ አላለኝም፤ ቀድሞም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ወጥሬ ስይዘው አወጣው። ሲሚንቶውን ወደሚያራግፍበት ግንባታ በሚወስደው ቁልቁለት ፍሬን አልይዝ ብሎት ሁለት ጊዜ ከግንብ ጋር ሊላተም ሲል ለጥቂት ነው የተረፈው። ባሌስትራው ቢደረብም ፍሬኑ ያው የድሮው ነው። የጋራዡ ሰውዬ ማቀፊያውን "አውልቀው" ካለው ቆይቷል።

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

"አባባ ጠዋት ጠዋት ወጥተው ይደባብሱታል። እንዴት ብዬ ልንገራቸው?"

ሰው ይሉኝታ ገደለኝ ሲል ለአነጋገር ነው፤ ባሌ ግን የምሩን ሊሞትለት ነበር። ተናደድኩ፤ ፈራሁም። ቀጥ ብዬ አማቼ ዘንድ ሄጄ ቁልቁለቱን ሳይቀር ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር።

"ሁለት ጊዜ?" ብቻ አሉኝ።

"አዎ፣ አባባ።"

ተነሥተው ልጃቸውን ጠሩት።

"ሬሳህን ሲያመጡልኝ፣ ልጄ አክብሮኝ ሞተ ብዬ እንድጽናና ነው?"

 መልሱን ሳይጠብቁ መቁረጫውን እንዲያመጣ ላኩት። ዓይናቸው ስለማያሳያቸው ብየዳውን በጣታቸው እየዳሰሱ ያሳዩታል፤ እሱ ይቆርጣል። የመቁረጫውን ዲስክ በዲስክ ላይ ቀየሩ፤ ብረቱ ግን በቀላሉ የሚላቀቅ አልሆነም። በመጨረሻ አማቼ ላባቸውን ጠረጉና በንዴት አጉረመረሙ።

"የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ አድርጎ የበየደው?"

ባሌ ሊስቅ አፉን ከፈተና አለቀሰ።