የሾፌሩ ድርሻ

«ይሄማ ደክሟል። ከእንግዲህ ቢተው ይሻላል» አለች ልጅቱ፣ ከመኪናዋ አፍንጫ ስር እንደተንበረከከች።

አባቷ የቤታቸው ጋራዥ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ማን ነው የደከመው?» አለ። «ወንድምሽ ነው እንዲህ በይው ያለሽ?»

ዞር ብላ በሁለት ጣቷ የያዘችውን ረጅም ብሎን አሳየችው። አንገቱ ላይ እንደተሳበ ማስቲካ ቀጥኗል። «ብሎኑን እኮ ነው፣ አባዬ።»

«እሱማ ይድከም» አለ፣ በርጩማውን ስቦ እየተቀመጠ። «ስንት ዳገት አብረን ወጥተናል።»

አባቷ የታክሲ ሾፌር ነው። መኪናዋ ከልጅቱ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ወንድሟ «ታላቅ እህታችን» ይላታል። በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ ውሃዋ እየፈላ ደጋግማ ስታስቆመው፣ ወንድሟ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ! አባዬ፣ አሁንስ ይብቃህ» አለው። አባቷም ሳቅ ብሎ፣ «አሁን ተሠርታ እምቢ ካለች ቁልፉን ላንተ ሰጥቼ ቤቴ እቀመጣለሁ» ሲል ቃል ሰጠ። ቃሉን ከሰጠ ወዲህ ግን ስለዚያ ነገር ሲስቅ ያየው የለም።

ለዘመናት መኪናዋን ሲሠራለት የኖረው ጢሞ የሚባለው መካኒክ በወገቡ ሕመም ምክንያት ጋራዡን ዘግቷል። አዲሶቹ ጋራዦች ደግሞ ኮፈኑን ከፍተው አይተው መልሰው ይዘጉታል። እንግዲህ ልጅቱ ናት «እኔ ልሞክር?» ያለችው። የተማረችው ምሕንድስና ነው፤ ሥራዋም ፋብሪካ ውስጥ የውሃ ፓምፕ መፈተሽ ነው። «ልሞክር» ስትል ድምጿ ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ወንድሟ «ምን አልሽ?» ብሎ ደግሞ ጠይቋታል።

ከሥራው ሁሉ የከበዳት የብሎኖቹን ጥብቀት ማወቅ ነበር። ሞተሩን ከላይ የሚከድነው ቴስታታ በአሥር ብሎኖች ይታሰራል። ከላላ ውሃው ያፈተልካል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ብሎኑ የሚገባበት ያረጀ አሉሚኒየም ይሰነጠቃል። የመኪናዋ መመሪያ ከጠፋ ቆይቷል። በስልኳ ፈልጋ ያገኘችው ቁጥር ኋላ ለተሠራ፣ ወፍራም ብሎን ላለው ሞተር የተጻፈ ነው። ስለዚህ አዲስ ከገዛቻቸው ብሎኖች ትርፍ የሆነውን ወደ ፋብሪካ ወሰደችና ከብረት ሰሌዳ ጋር አስራ እስኪበጠስ አጠበቀችው። የተበጠሰበትን ልክ ካወቀች በኋላ ከዚያ ብዙ ወደ ታች ወረደች። ለአሉሚኒየሙ ዕድሜ ብላም ጥቂት ቀነሰችለት። በዚህ መንገድ ያገኘችው ልክ ጠባብ ነበር፤ ወዲህም ወዲያም ብዙ ፈቀቅ አያሰኝም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ከፋብሪካው በተዋሰችው ቶርክ ሬንች፣ ጥብቀት በሚለካው ቁልፍ፣ ማጥበቅ ጀመረች። ከመሃል ወደ ዳር እየወጣች፣ አንዴ ላላ አድርጋ፣ ቀጥሎ ጠበቅ እያደረገች ዞረቻቸው። ቁልፉ የተቀመጠለት ልክ ላይ ሲደርስ «ጠቅ» ይላል።

«ምን እያለሽ ነው?» አላት አባቷ።

«በቃኝ እያለ ነው።»

«ጨዋ ቁልፍ ነው። ወንድምሽም እንዲህ ጠቅ ብሎ ዝም ቢል ጥሩ ነበር።»

ሳቀች። መጨረሻ ላይ በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ፣ ወደ እሷ የሚያመለክት ነጭ የቀለም መስመር አሰመረች። ብሎኑ ንቅንቅ ካለ መስመሩ ይነግራታል።

የአባቷን ዓይን ያየችው ያኔ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ባለ ረጅም እጀታ ቁልፍ እያየ ነበር። ወጣት ሳለ ቁልቁለት ላይ፣ ሰው እንደጫነ፣ የፊት ጎማው ወልቆበት ያውቃል። ከዚያ ወዲህ መካኒክ የጨረሰውን ብሎን ሁሉ በዚያ ቁልፍ አንድ አንድ ጊዜ ሳብ ሳያደርግ አይነዳም። «አንድ ለእኔ» ይላል ሲስብ። ልጅቱ ይህን ታውቃለች፤ የጎማ ብሎን ብቻ የሚስብ ይመስላት ነበር እንጂ። አሁን ግን ልቧ ጠረጠረ። «አባዬ፣ እንዳትነካው» ልትል አፏን ከፈተች። ግን የገዛ መኪናውን አትንካ ተብሎ አባት እንዴት ይታዘዛል? ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምታ ያደገች ልጅ ናት። እጇን ልትታጠብ ወደ ቤት ገባች።

ስትመለስ አባቷ ውሃ ሞልቶ መሪው ጋ ተቀምጧል። ሞተሩ ተነሳ። አባቷ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ የበሩን ቆርቆሮ ደበደበ፤ እንደ ልጅ ሳቀ። ጥቂት እንደቆየ ግን ከኋላ ነጭ ጭስ እየወፈረ መጣ፤ የሞተሩን ዘይት ስታየውም ውሃ ገብቶበት ወተት መስሏል።

ሞተሩን አስጠፍታ ስትከፍተው ነጫጮቹ መስመሮች አንዳቸውም ወደ እሷ አያመለክቱም። አንዱ ብሎን በጣት ሲነካ ይሾራል። ዙሪያው ያለው አሉሚኒየም ተሰንጥቆ ስንጥቁ የውሃው መተላለፊያ ድረስ ወርዷል።

አባቷ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። «እንደ ወትሮዬ ነው ያደረግሁት» አለ። ቆይቶም፣ «ሴት ስለሆነች አላጠበቀችውም ብሎ ማንም እንዳያማሽ ብዬ ነው» አለ።

በማግስቱ መላ ካለው ብላ ጢሞ ቤት ሄደች። ሽማግሌው በጎኑ እንደተጋደመ ስንጥቁን በስልኳ ፎቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ አይበየድም፣ ልጄ። ድርሻውን አልተውሽለትም እንዴ?»

«የምን ድርሻ፣ ጋሽ ጢሞ?»

«የእሱን ነዋ! እኛ ለአባትሽ መኪና ስናጠብቅ ሩብ ዙር እናስቀርለታለን። ‹አንድ ለእኔ› ብሎ ሲስባት ልኳ ትመጣለች። የጋራዡ ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«እሱስ ያውቃል?»

«ቢያውቅማ ምን ደስታ አለው? ከኛ ወጥቶ ሲሄድ ጠጋኙ እሱ ነው፣ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። ለአንቺ መንገር ነበረብኝ። መኪናዋን አንቺ እንደምትሠሪያት ሰምቼም ነበር። ወገቤን ሳስታምም ረሳሁት።»

መንገዱን በሙሉ ምን እንደምትለው እያሰበች ተመለሰች። ልጠይቀው፣ ላስጠንቅቀው ያለችበት ያ ቅጽበት እንደገና እንደገና መጣባት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አሁን ደግሞ እውነቱን ብትነግረው፣ ያ ሁሉ ዓመት ራሴ ጠብቄ አኖርኳት ያላት መኪና በሌሎች ቸርነት እንደኖረች ልትነግረው ነው።

አባቷ በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር። «ጢሞ ምን አለሽ?»

«ብረቱ አርጅቷል አለ። ማንም ቢያጠብቀው አይችልም ነበር አለ።»

ፊቷን ረጅም ጊዜ አየው። «ጢሞ እንዲህ አለ?»

«አዎ።»

«እንግዲህ አርጅቷል» አለ፣ ሌላም አልጠየቃት።

ረቡዕ ጠዋት ወንድሟ ጎታች መኪና ይዞ መጣ። አባቷ የመኪናዋን ቁልፍ ሰጠው፤ ጎረቤት ለመጠየቅ እሄዳለሁ ብሎም መኪናዋ ስትጎተት ሳያይ በእግሩ ወጣ።