የኋላ መቀመጫ

ተክላይ ከኋላ እንዴት እንደሚወጣ አያውቅም ነበር። ደብረ ሲና ካደሩበት ሆቴል በር ላይ ቆሞ፣ በጀሶ የታሰረ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ የዘይኑዲንን ሞተር እንደማያውቀው በቅሎ ዞሮ ዞሮ ተመለከተው። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሞተር ሲነዳ መሪውን ለሌላ ሰው ለቆ አያውቅም። በመጨረሻ ግራ እጁን በዘይኑዲን ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ እግሩን አሻገረ።

ሁለቱም ያደጉት ፒያሳ ነው። ዘይኑዲን ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ጨርቅ ይሸጣል፤ ተክላይ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ይሠራል። ዘይኑዲንን ሞተር ያስተማረውም እሱ ነው፤ ያውም እየጮኸ። ሲሳፈርማ ይብስበታል። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር እግሩ ፍሬን ይፈልጋል፤ አንድ ሾፌር «ወንድሜ፣ ወለሉን ልትበሳብኝ ነው» ብሎታል።

ወደ ደሴ ሲሄዱ ነገሩ ቀላል ነበር። ተክላይ ይመራል፣ ዘይኑዲን የኋላ መብራቱን እያየ ይከተላል። የጣርማበርን ቁልቁለት ዘይኑዲን ራሱ ወረደው ማለት ያስቸግራል፤ ያወረደው ያ ቀይ መብራት ነው። ተክላይ ኩርባ ሲገባ ፍሬን የሚነካበት፣ ሰውነቱን የሚያዘነብልበት፣ ተመልሶ ቀና የሚልበት ሁሉ ልክ ስለነበረው ከኋላ ለሚያየው ደስ ይላል። ዘይኑዲን እንዲህ የሚነዳ ሰው ጓደኛው በመሆኑ ኮርቶ ነበር። የሶላት ሰዓት ሲደርስም ውሃና ንጹሕ ሣር ያለበትን ቦታ መርጦ የሚቆመው ተክላይ ነው። ክርስቲያን ሆኖ ሳለ ሰዓቱን ከዘይኑዲን ቀድሞ ያስታውሰዋል።

ሲመለሱ ግን ኮምቦልቻ መውጫ ላይ የተክላይ ጎማ ጠጠር ላይ ተንሸራተተ። እጁ ተሰበረ፤ ሞተሩ በኢሱዙ ተጭኖ ሄደ፤ እሱም እስከ ደብረ ሲና ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ መጣ። ዘይኑዲን ከዚያ አውቶቡስ እንዲይዝ ለመነው።

«አብረን ወጥተን አብረን ነው የምንመለሰው» አለ ተክላይ። ከዚያ በኋላ ስለ አውቶቡስ የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም።

አሁን ከፊት ቀይ መብራት የለም። ጣርማበር ጭጋግ ለብሷል። ዘይኑዲን የፈራው ገደሉን ብቻ አልነበረም። ቢሳሳት ሁለት ቤት ነው የሚያለቅሰው፤ ለጥቂት ቢተርፍ ደግሞ ያ የድሮው ጩኸት ጆሮው ሥር ተቀምጧል። ከመንገዱ ይልቅ የጓደኛው ዓይን ጀርባው ላይ ከበደው።

ጩኸቱ ግን አልመጣም። በመጀመሪያው ኩርባ ማርሽ ዘግይቶ ቀነሰና ሞተሩ አጓራ፤ ከኋላው ዝምታ። በሁለተኛው ፈጥኖ ገባ፤ አሁንም ዝምታ። የፈራ ተሳፋሪ ሞተር ሲያጋድል ራሱን ወደ ተቃራኒው ይጎትታል፤ በዚያው ነጂውን ይዞ ይወድቃል። ተክላይ ግን ዘይኑዲን ሲያጋድል እኩል ያጋድላል፣ ቀና ሲል ቀና ይላል። ጥቂት ኩርባዎች እንዳለፉ ሰው መጫኑን ሊረሳው ምንም አልቀረውም።

ወደ ዋሻው ሲቃረቡ አንድ ጭነት መኪና የመንገዱን መሃል ይዞ ከጭጋጉ ብቅ አለ። ዘይኑዲንም ኩርባውን ወደ መሃል ተጠግቶ ገብቶ ነበርና፣ በመኪናውና በገደሉ መካከል የቀረችለት ጠባብ አስፋልት ናት። አሁን ወገቤን ጨምቆ ይይዘኛል ብሎ አሰበ፤ ማንም ቢሆን ይይዛል። ተክላይ አልያዘውም። ሁለቱም አንድ ላይ ወደ ገደሉ በኩል አጋደሉ። የመኪናው ንፋስ እጅጌያቸውን አርገብግቦ አለፈ።

ዋሻውን እንዳለፉ የዘይኑዲን ዓይን እንባ አቀረረ። ይህን ሁሉ ስህተት እያየ አፉን መዝጋት የቻለ ሰው ምን ዓይነት ልብ ቢኖረው ነው አለ በሆዱ። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ይህንኑ እያሰበ ነዳ።

ፒያሳ የገቡት ወደ ማታ ገደማ ነው። ሁልጊዜ ከሚቀመጡባት ኬክ ቤት ገብተው ባንኮኒው ላይ ተደገፉ። ማኪያቶ የምትሠራላቸው ፍዮሪ የተክላይን እጅ አይታ አዘነች፤ ከዚያ ጣርማበር እንዴት እንደነበር ጠየቀችው።

«እሱን ዘይኑን ጠይቂው» አለ ተክላይ። «እኔ አላየሁትም።»

«ጭጋግ ነበር?»

«ጭጋጉንም አላየሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወጣሁት።»

ፍዮሪ ሳቀች። ዘይኑዲን አልሳቀም። መንገዱን ሙሉ ያደነቀው ነገር ፍርሃት ሆኖ ሲገኝ ቅር አለው።

«ያን ያህል አታምነኝም?» አለው።

ተክላይ በግራ እጁ ስኳሩን ማማሰሉን አላቆመም። «ካየሁ መንዳቴ አይቀርም፤ ታውቀኛለህ። እጮህብሃለሁ፣ ትከሻህን ይዤ እጠመዝዝሃለሁ። ሁለት ሰው አንድ ሞተር ሊነዳ አይችልም፤ የዛሬው ነጂ ደግሞ አንተ ነበርክ።»

ዘይኑዲን ያ ጭነት መኪና ትዝ አለው። ተክላይ አላየውም፤ የሰማው ድምፁን ብቻ ነው። በዚያ በኩል ገደል እንዳለ ግን አሳምሮ ያውቅ ነበር። እያወቀ በጨለማ ውስጥ አብሮት አጋደለ። ዘይኑዲን ብርጭቆውን ባንኮኒው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

ፍዮሪ ተክላይ አምስት ኪሎ እስካለው ቤቱ ታክሲ እንዲይዝ መከረችው። እሱ ሄልሜቱን በግራ እጁ አጥልቆ አገጩን ወደ ዘይኑዲን ቀና አደረገ። ዘይኑዲን እንደ ታናሽ ወንድም ማሰሪያውን ቆለፈለት። በውጭ ሱቆቹ መብራታቸውን አብርተዋል፤ የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ።

«እዚህስ ልጨፍን ወይስ ልይ?» አለ ተክላይ ሞተሩ ላይ ከወጣ በኋላ።

«እይ» አለ ዘይኑዲን። «አሁን ብታየኝ ግድ የለኝም።»

ቁልቁለቱ ላይ ሰውና መኪና ተቀላቅሏል። ዘይኑዲን አንድ ሚኒባስ ሊያልፍ ትንሽ ቸኩሎ አጋደለ። ከኋላው ያለው ክብደት ምንም ሳይናገር አብሮት አጋደለ።