አህያው የተናገረበት ክፍል

በቴሌቪዥን አርባ ክፍል በታየው የካርቱን ፊልም ላይ፣ አህያውን ሆኖ ያናፋው እሱ ነበር። አናፋፉማ አይጣል ነው! አንድ ቀን ሦስት የእውነት አህዮች ስቱዲዮው በር ላይ ተሰልፈው ቢገኙ፣ ዘበኛው «ዘመድ ጥየቃ መጥተው ነው» ብሎ አስገብቷቸዋል። ሰፈርተኛውም «ጋሽ አህያ» ይለዋል። በፍቅር ነው አሉ።

እሱን የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። በአርባኛው፣ በመጨረሻው ክፍል አህያው በሰው አንደበት ተናግሯል፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ይህን የሚስቱ ወንድም አላምንም ካለ ዓመታት አልፈዋል።

«ኧረ ተው ጋሼ! ዕድሜህን ሙሉ ስታናፋ ኖረህ፣ ዛሬ ተናጋሪ ልትሆንብን?» ይላል፣ በሰው ቤት፣ በሰው ወንበር፣ የሰው ምሳ እየጎረሰ። ሚስት ተብዬዋም ሳቋን ለመደበቅ ጓዳ ትገባለች።

ስለዚህ ካርቱኑ በዲስክ ወጣ ሲባል ሮጦ ገዛ። ሳጥኑ «ሙሉ ስብስብ» ይላል። ወንድምዬው ተጠርቶ መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ተጎልተው ሠላሳ ዘጠኝ ክፍል ማናፋት ሰሙ። የመጨረሻው ዲስክ ቦታ ላይ ግን የፕላስቲክ አህያ ተጋድሞ ተገኘ።

ወንድምዬው አሻንጉሊቱን ጆሮው ላይ ለጠፈ። «ሃሎ? ጋሼ፣ አይናገርም እኮ!»

በነጋታው ባልየው ሳጥኑን ይዞ ዲስኩን ያሳተመው ድርጅት ሄደ። የዕቃ ተቆጣጣሪዋ ጠረጴዛ ላይ ያለው አንድ ሚዛን ብቻ ነው።

«አርባኛው ክፍል የለም» አላት።

ሳጥኑን ሚዛኑ ላይ ጣል አደረገችው። «ልክ ነው። ሙሉ ነው።»

«ዲስኩን አይታችሁ አይደለም እንዴ የምታረጋግጡት?»

«ያን ሁሉ ማናፋት ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ አባቴ? እኛ እንመዝናለን። ዲስኩ ጠፋ፤ ኪሎው እንዳይጎድል አሻንጉሊት ገባ። አይዘኑ፣ በሚቀጥለው ወር ‹እጅግ ሙሉ ስብስብ› ይወጣል።»

«እሱ ላይ አለ?»

«ሳጥኑ ላይ እንጽፈዋለን።»

ጻፉትም። ወንድምዬው ራሱ ከሱቅ ገዝቶ፣ ምሳ ሰዓት ላይ እያለከለከ ገባ።

«ጋሼ፣ ይቅር በለኝ! ለካ እውነትህን ነው! ይኸው፣ ‹አህያው የሚናገርበት ክፍል ተጨምሮበታል› ይላል!»

ሚስትም አነበበች፤ ባሏን እንደ አዲስ ሰው አየችው። እሱ ሳጥኑን ተቀብሎ ነቅነቅ ቢያደርገው፣ ውስጡ ሁለት የፕላስቲክ አህዮች ሲንኳኩ ተሰማው።

«አትከፍተውም?» አለው፣ ሳጥኑን መልሶ ለወንድምዬው እየዘረጋ።

«ምን ያደርጋል? ተጽፏል እኮ!»

ሰውየው አማቹን ከእግር እስከ ራሱ ቃኘው። በዚህ ሰው ለመታመን ሲል ስንት ቀን ምሳ አልዋጥልህ እንዳለው ትዝ ቢለው በገዛ ራሱ አፈረ። ሳህኑን አንስቶ፣ ብቻውን ሊበላ ጓዳ ገባ።